ፉከራውን ትተን ቡጢውን እንቁጠር

«ከመሐመድ አሊና ከጆ ፍሬዘር ማን ይበልጣል?» ብሎ መጠየቅ በሻይ ቤት ጨዋታችን ውስጥ እንደ ድፍረት ሳይቆጠር አይቀርም። ጠያቂው አፉን ሳይዘጋ መልሱ ይወረወርለታል፤ «አሊ ነዋ!» እሺ፣ ለምን? ብሎ የሚከተል ደፋር ከተገኘ ምክንያቱ ከአራት አቅጣጫ ይዘንብበታል። አንዱ ተከራካሪ አሊ ቬትናም አልዘምትም ብሎ ማዕረጉን መገፈፉን ያነሳል። ሁለተኛው ከግጥሚያ በፊት ግጥም እየደረደረ ተጋጣሚዎቹን የሚያሽሟጥጥበትን አንደበቱን ያደንቃል። ሦስተኛው በ1996 አትላንታ ላይ እጁ እየተንቀጠቀጠ የኦሊምፒኩን ችቦ ሲለኩስ በቴሌቪዥን አይቶ እንባ እንደተናነቀው ይተርካል። አራተኛው ኪንሻሳ ላይ ጆርጅ ፎርማንን በ8ኛው ዙር በዝረራ መጣሉን ይጠቅሳል። ልብ እንበል! ከአራቱ ምክንያቶች ሦስቱ ከቡጢው መድረክ ውጭ የሆኑ ናቸው። አራተኛውም ቢሆን ስለ ፎርማን እንጂ ስለ ፍሬዘር የሚለው ነገር የለም።

እኔ እነዚህ ሁለት ሰዎች ሲፋለሙ ገና አልተወለድኩም። ፊልሞቹን ግን ደጋግሜ አይቻለሁ። ባየሁ ቁጥርም አንድ ነገር ይከነክነኛል፤ የምናየው ሌላ፣ የምናወራው ሌላ የሆነው እንዴት ነው? ነገሩ እንዲህ ይመስለኛል። ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎችን በአንድ ቡሃቃ አቡክተን እየጋገርን ነው። ታላቁ ሰው ማን ነው? ታላቁ ሻምፒዮን ማን ነው? ሁለቱ ፊት ለፊት ሲቆሙ የተሻለው ተዋጊ ማን ነበር? የመጀመሪያውን ጥያቄ ታሪክ ለአሊ ፈርዶለታል፤ ይሁን። በሁለተኛውም አልሟገትም። ሶኒ ሊስተንን የጣለ፣ ፎርማንን የጣለ፣ የከባድ ሚዛንን ዘውድ ሦስት ጊዜ የደፋ ሰው ታላቅ ሻምፒዮን ነው። ሦስተኛው ጥያቄ ግን ለብቻው መታየት አለበት። ለብቻው ሲታይም መልሱ ጆ ፍሬዘር ነው። የዚህ ጽሑፍ ሙግት ይኸው ነው።

እንግዲህ ወደ መድረኩ እንውጣ። ሁለቱ ሦስት ጊዜ ተገናኝተዋል፤ በድምሩ 41 ዙር። የመጀመሪያው ግጥሚያ የተካሄደው የካቲት 29 ቀን 1963 ዓ.ም. ሲሆን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 8 ቀን 1971 መሆኑ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ናቸው።) ቦታው የኒውዮርኩ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ነበር። አሊ 31 ጊዜ ተጋጥሞ 31 ጊዜ አሸንፎ፣ ፍሬዘርም 26 ጊዜ ተጋጥሞ 26 ጊዜ አሸንፎ መጡ። ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሚሊዮን ተኩል ዶላር ተከፈላቸው፤ በዚያ ዘመን ለቡጢ ተሰምቶ የማያውቅ ገንዘብ ነው። ዘፋኙ ፍራንክ ሲናትራ ለላይፍ መጽሔት ፎቶግራፍ አንሺ ሆኖ ከመድረኩ ሥር ቆመ። በዚያችው ሌሊት ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ሚዲያ በምትባል ትንሽ ከተማ ጥቂት የጦርነት ተቃዋሚዎች የኤፍ ቢ አይን ቢሮ ሰብረው ምስጢራዊ ሰነዶቹን ዘርፈዋል። ሌሊቷን የመረጧት የሰዉ ሁሉ ሐሳብ ከግጥሚያው ላይ እንደሚሆን አስልተው ነው። ዓለም ምን ያህል ዓይኑን እንደተከለ ከዚህ መገመት ይቻላል።

አሊ ቁመቱ 1 ሜትር ከ91 ነው። ፍሬዘር 1 ሜትር ከ82 አይበልጥም፤ እጁም ያጥራል። ረጅሙን ለመምታት አጭሩ ሰው መግባት አለበት፤ ለመግባት ደግሞ መመታት አለበት። ፍሬዘር ይህን ዋጋ ከፍሎ ገባ። ጎንበስ ቀና እያለ፣ ጭንቅላቱን እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ወዲያና ወዲህ እያመላለሰ፣ ሁለት ቡጢ ተቀብሎ አንድ እየሰጠ ገፋ። የሚሰጣት አንዷ ግን ከሚቀበላቸው ሁለቱ ትከብድ ነበር። በ11ኛው ዙር ግራ እጁ አሊን አብረከረከችው። በ15ኛውና በመጨረሻው ዙር አሊ ቀኝ እጁን ዝቅ አድርጎ ከታች ወደ ላይ ሊሰነዝር ሲዘጋጅ ያችው ግራ እጅ ከጎን ታጥፋ መጥታ መንጋጋው ላይ አረፈች። አሊ በጀርባው ተዘረረ። ተነሣ፤ ጀግንነቱ አይካድም። ሦስቱም ፈራጆች ግን ለፍሬዘር ፈረዱ፤ ከመካከላቸው አንዱ 11 ዙር ለፍሬዘር፣ 4 ዙር ብቻ ለአሊ ነበር የሰጠው።

ያቺ ቡጢ ዕድል ያመጣት ቡጢ አይደለችም። ከፍሬዘር አሠልጣኞች አንዱ የነበረው ኤዲ ፋች አሊ ያንን ቀኝ ቡጢ ሊሰነዝር እጁን ሲያወርድ የፊቱ አንድ ወገን ያለ ጠባቂ እንደሚቀር አስቀድሞ አስተውሎ ነበር። ፍሬዘርም «እጁ ስትወርድ ግራህን ላክ» የሚለውን ትምህርት ይዞ ነው ወደ መድረኩ የወጣው። ቡጢ ጉልበት ብቻ ሳይሆን ንባብም ነው ካልን፣ በዚያች ሌሊት በትክክል ያነበበው ፍሬዘር ነው።

ብዙ ሰው ልብ ያላለው አንድ እውነት ደግሞ እዚህ ላይ አለ። በሦስቱ ግጥሚያዎች፣ በ41 ዙር ውስጥ፣ ከሁለቱ አንዱ ተመትቶ ወለል የነካው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የነካውም አሊ ነው። ፍሬዘር በአሊ ቡጢ አንድም ቀን አልወደቀም። ስለ ሁለቱ የሚከራከር ሰው ሁሉ ሌላ ነገር ከመናገሩ በፊት ይህችን ነጥብ መመለስ ይኖርበታል።

ተቃዋሚዎቼ የመጀመሪያ ጋሻቸውን የሚያነሡት ይኼኔ ነው። «አሊ ሦስት ዓመት ከሰባት ወር ታግዶ ነበር፤ ዝጎ ነው የመጣው» ይላሉ። እገዳው ግፍ መሆኑን እቀበላለሁ። በኤፕሪል 1967 ለጦሩ አልመለመልም ባለ ጊዜ የመጋጠም ፈቃዱን ነጠቁት፤ ፍርድ ቤትም ጥፋተኛ አለው። ያ ፍርድ በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የተሻረው በጁን 1971 ነው፤ ከፍሬዘር ጋር ከተጋጠመ ከሦስት ወር ከምናምን በኋላ ማለት ነው። ግን ግፉን የሠራው ፍሬዘር ነውን? ደግሞስ አሊ ከእገዳው በቀጥታ ወደ ፍሬዘር አልመጣም። በኦክቶበር 1970 ጄሪ ኳሪን በሦስት ዙር አስቁሞ፣ በዲሴምበር ኦስካር ቦናቬናን በ15ኛው ዙር ጥሎ ነው የመጣው። በዚያን ሰሞን ዝጌአለሁ ሲል የሰማው ሰው የለም፤ እንዲያውም ፍሬዘርን በቀላሉ እንደሚጥለው ሲለፍፍ ነበር የከረመው። ዝገቱ የተገኘው ከሽንፈቱ በኋላ ነው።

«የ1967ቱ አሊ ቢሆን ኖሮ...» የሚለውንም ሰምቻለሁ። ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ያልተካሄደ ግጥሚያ ግን ነጥብ የለውም። «ቢሆን ኖሮ»ን ወደ ሚዛኑ ካስገባን ለሁለቱም እናስገባ። ፍሬዘር ከዚያ ድል በኋላ ሆስፒታል ገብቶ ሳምንታት ተኝቷል። ያችን ሌሊት የሚመስል ሌላ ፍሬዘር ዳግመኛ አልታየም የሚሉ አዋቂዎች ብዙ ናቸው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ግጥሚያ አሊ የገጠመው ያንን ቀሪ ፍሬዘር ነው። የአሊን ዝገት በሚዛን እየለካ የፍሬዘርን ስብራት የማይለካ ዳኛ፣ ዳኛ ሳይሆን ደጋፊ ነው።

ወደ ሁለተኛው ግጥሚያ እንለፍ፤ ጃንዋሪ 28 ቀን 1974፣ በዚያው በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን፣ 12 ዙር። አሊ በነጥብ አሸነፈ። ውጤቱን አልክድም፤ የምጠይቀው እንዴት እንዳሸነፈ ነው። ፊልሙን ያየ ሰው እንደሚያውቀው አሊ ሁለት ሦስት ፈጣን ቡጢ ይልክና ፍሬዘር ሊገባ ሲል የፍሬዘርን ማጅራት በእጁ ይዞ ወደ ታች ይጫናል። ዳኛው መጥቶ ያላቅቃቸዋል። እንደገና ቡጢ፣ እንደገና ማጅራት። ማጅራት ይዞ መጫን በቡጢ ሕግ የተከለከለ ነው፤ ዳኛው ቶኒ ፔሬዝ ግን አንድም ነጥብ አልቀነሰም። በሌላው ወገን ደግሞ በሁለተኛው ዙር አሊ ፍሬዘርን ክፉኛ መትቶ ሳለ ያው ዳኛ ደወል የተደወለ መስሎት ጊዜው ሳይደርስ እንዳለያያቸው መናገር ይገባኛል። ያ ስህተት የጠቀመው ፍሬዘርን ነው። እውነቱ ይኼ ስለሆነ አልደብቀውም። ነገር ግን የሁለተኛው ዙር ስህተት ሴኮንዶች የፈጀ ሲሆን የማጅራቱ ነገር 12 ዙር ሙሉ የዘለቀ ነው። «ማንም አይነካኝም» ሲል የኖረ ሰው ያን ሁሉ ጊዜ ተጋጣሚውን አቅፎ ለማደር የተገደደው ለምንድን ነው? መልሱን ሦስት ዓመት አስቀድሞ መንጋጋው ነግሮታል።

ሦስተኛው ማኒላ ነው፤ ኦክቶበር 1 ቀን 1975። የአሜሪካ ተመልካች በማታው እንዲያየው ሲባል በፊሊፒንስ በጠዋት ተካሄደ። አዳራሹ በሙቀት ይቀቀል ነበር። መጀመሪያ ላይ አሊ በላይነት ያዘ። መካከሉ ላይ ፍሬዘር እየገባ ጎኑን፣ ሆዱን፣ ክንዱን ሲደበድበው አሊ ከገመዱ መላቀቅ አቃተው። ከ12ኛው ዙር ጀምሮ ነገሩ እንደገና ተገለበጠ። የፍሬዘር ፊት አብጦ ዓይኑ ተከደነ። ግራ ዓይኑ ከዓመታት በፊት ጀምሮ በሞራ ምክንያት በቅጡ እንደማያይ እሱ ራሱ በኋላ ተናግሯል። ደህና የነበረው ቀኙ ሲዘጋበት ከየት እንደሚመጣ በማያየው ቡጢ እየተመታ 14ኛውን ዙር ጨረሰ። በመድረክ ላይ ሰው ሲሞት አይቶ የሚያውቀው ኤዲ ፋች ከዚህ በላይ አልፈቀደም። ፍሬዘር ልቀጥል ብሎ ለመነው፤ ፋች ግን ውጊያው አበቃ አለ። አሊ ከመቀመጫው ተነሥቶ እጁን አንሥቶ ብዙም ሳይቆይ ወለሉ ላይ ወደቀ። ያ ቀን ለሞት እጅግ የቀረበበት እንደነበር ከዚያ ወዲህ ራሱ መስክሯል።

በማኒላም አሊ በሦስቱም ፈራጆች ነጥብ ይመራ ነበር። ስለዚህ አሸናፊው አሊ ነው፤ መዝገቡ ይኸንኑ ይላል። ግን አበው «ከሞቱ አሟሟቱ» የሚሉት ያለ ነገር አይደለም። በአንድ ዓይን ያውም በደካማው የቀረ፣ በቁመትም በእጅም የሚያንስ፣ ከሁለት ዓመት በፊት በፎርማን ስድስት ጊዜ የተጣለ ሰው በዘመኑ ትልቁን ሻምፒዮን ወደ ሞት አፋፍ ካደረሰው፣ ከሁለቱ የተሻለው ተዋጊ ማን ነበር? አንድ ለሁለት የሚለው ቁጥር ለዚህ መልስ አይበቃም። ቁጥሩ ማን ስንት ጊዜ እጁ እንደተነሣ ይነግረናል። እያንዳንዱ ምን ይዞ እንደገባና ምን ከፍሎ እንደወጣ ግን አይነግረንም።

«እሺ ፎርማንስ?» ይላል ደጋፊው። ይህ ከጋሻዎቹ ሁሉ ጠንካራው ስለሆነ በቁም ነገር እንየው። በጃንዋሪ 1973 ኪንግስተን ጃማይካ ላይ ፎርማን ፍሬዘርን በሁለት ዙር ውስጥ ስድስት ጊዜ ጣለው። በኦክቶበር 1974 ያንኑ ፎርማን አሊ ኪንሻሳ ላይ ጣለ። ስለዚህ አሊ ከፍሬዘር ይበልጣል፤ ስሌቱ እንዲህ ነው። ስሌቱን ትንሽ ወደ ፊት እንግፋው። በማርች 1973 ኬን ኖርተን የአሊን መንጋጋ ሰብሮ አሸነፈው። በማርች 1974 ደግሞ ፎርማን ኖርተንን ካራካስ ላይ በሁለት ዙር አነሣው። በዚህ ስሌት ከሄድን ኖርተን ከአሊ ይበልጣል፤ ፎርማን ከኖርተን ይበልጣል፤ አሊ ከፎርማን ይበልጣል። ክቡን ስንዞር ውለን የተነሣንበት ቦታ ላይ እንገኛለን። ቡጢ የደረጃ መሰላል አይደለም። ፎርማን ወደ እሱ ዘልቆ የሚመጣን ሰው ከታች ወደ ላይ በሚልከው ከባድ ቡጢ ያነሣዋል፤ የፍሬዘር አመጣጥ ደግሞ ለእሱ የተመቸ ነበር። አሊ ደግሞ ከጎን የሚመጣን የግራ ቡጢ ጎንበስ ብሎ ከማሳለፍ ይልቅ ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ ማምለጥ ይወዳል፤ ያ ልማድ ለፍሬዘር ግራ እጅ የተመቸ ነበር። ፎርማን የፍሬዘር መርዝ ነው። የአሊ መርዝ ግን ፍሬዘር ነው። ፍሬዘር በሙያ ዘመኑ ካደረጋቸው 37 ግጥሚያዎች የተሸነፈው አራቱን ብቻ ነው፤ ሁለቱን በአሊ፣ ሁለቱን በፎርማን። ከእነዚህ ከሁለቱ ሌላ በምድር ላይ ያሸነፈው ሰው የለም። አሊን ያሸነፉት ግን አምስት ናቸው።

እስከዚህ የቆጠርነው ቡጢውን ነው። ታዲያ ቡጢው ይህን ካለ ፍርዱ ለምን ወደ አንድ ወገን አጋደለ? ስለ ምላስ የምንነጋገረው እዚህ ላይ ነው።

እኛ የፉከራና የቀረርቶ አገር ልጆች ነን። አሊን የወደድነው አንዱ በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ደረቱን ነፍቶ፣ ዓይኑን አጉረጥርጦ፣ ቤት እየመታ ሲናገር ጋሻና ጦር ይዞ ከአዳራሽ መካከል የሚንጎራደድ ፎካሪ ይመስለናል። ይሁን፤ ፉከራ ነውር አይደለም። ነገር ግን ፉከራን የሚያውቅ ሕዝብ ፉከራና ስድብ አንድ አለመሆናቸውንም ያውቃል። ፎካሪ የሚያነሣው የራሱን ጀግንነት ነው፤ የፈረሱን ስም፣ የጠመንጃውን ስም፣ የዋለበትን ዱር። ጠላቱን ካነሣም አግዝፎ ያነሣዋል፤ ጠላቱ በገዘፈ መጠን ድሉም ይገዝፋልና። አሊ በፍሬዘር ላይ ያደረገው ግን ሌላ ነው። «አንክል ቶም» አለው፤ የነጭ አሽከር፣ ወገኑን የካደ ጥቁር ማለት ነው። መልከ ጥፉ አለው። ለማኒላው ግጥሚያ ጎሪላ ብሎ ሰየመው፤ የጎሪላ አሻንጉሊት ይዞ በጋዜጠኞች ፊት አሻንጉሊቱን በቡጢ እየመታ አሳቀባቸው። ጥቁር ሰውን ጦጣና ጎሪላ እያሉ መሳደብ የማን ልማድ እንደነበረ ከአሊ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም።

ደግሞስ ወገኑን የካደ የተባለው ማን ነው? ፍሬዘር የደቡብ ካሮላይና የደሃ ገበሬ ልጅ ነው፤ አባቱ አንድ እጁን ያጣ ሰው ነበር። በልጅነቱ በነጭ ባለ እርሻዎች ማሳ ላይ ጉልበቱን ሸጧል። ከዚያ ሸሽቶ ፊላደልፊያ ገብቶ በቄራ ሠርቷል። አሊ ያደገው በሉዊቪል ከተማ ከፍሬዘር በተሻለ ኑሮ ነው፤ ሙያውንም የጀመረው አሥራ አንድ የሉዊቪል ነጭ ባለሀብቶች ባዋጡለት ገንዘብ ነው። የፍሬዘርም ደጋፊዎች በአብዛኛው ነጭ ባለሀብቶች ነበሩ፤ ሁለቱም የሚበሉት ከአንድ ሌማት ነበር። አንደኛው ግን ሌላኛውን አሽከር አለው። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ ይህ ነው፦ ፍሬዘር ራሱ ደጋግሞ እንደተናገረው፣ አሊ በታገደባቸው ዓመታት ገንዘብ ሰጥቶታል፤ ፈቃዱ እንዲመለስለትም ተሟግቶለታል። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይሏል ይህ ነው።

በ2001 አሊ ለኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ በሰጠው ቃል በጊዜው ሞቅታ መናገር የማይገባውን ተናግሬአለሁ ብሎ ይቅርታ ጠየቀ፤ ያ ሁሉ ግጥሚያውን ለማስተዋወቅ ነበር አለ። ይቅርታ መጠየቁ ያስመሰግነዋል። ምክንያቱ ግን ቁስሉን ያሰፋዋል። ለማስተዋወቅ! ቲኬት እንዲሸጥ የሰው ልጆች በትምህርት ቤታቸው «አባታችሁ አንክል ቶም ነው» እየተባሉ ይውላሉ ማለት ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ፍሬዘር በበኩሉ አትላንታ ላይ አሊ ችቦውን ሲለኩስ ወደ እሳቱ ብገፋው ደስ ይለኝ ነበር ብሎ መናገሩ ይታወቃል። ክፉ ንግግር ነው፤ አልከላከልለትም። ዓለም ግን ያቺን አንዲት ንግግር ይዞ «ቂመኛ» ሲለው፣ ከሃያ ዓመት በላይ ተሸክሞት የኖረውን ስድብ ግን እንደ ጨዋታ ቆጠረው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ይህ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሩቅ ወሬ መስሎ ሊታይ ይችላል። አይደለም። በ1960 በሮም ኦሊምፒክ ካሲየስ ክሌይ ይባል የነበረው አሊ ወርቅ ባገኘ በአምስተኛው ቀን አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶንን አሸነፈ። በ1964 በቶኪዮ ደግሞ አበበ ሁለተኛ ወርቁን በወሰደ በሁለተኛው ቀን ፍሬዘር የከባድ ሚዛን ወርቅ ተሸለመ። አበበ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካስወጣ ገና ሳምንታት ነበር የሆነው፤ ፍሬዘር ደግሞ በግማሽ ፍጻሜው የግራ እጁ አውራ ጣት ተሰብሮ ሳለ እንዳይከለክሉት ደብቆ ነው ለፍጻሜው የወጣው። ያውም ፍሬዘር መጀመሪያ የተመረጠ ሰው አልነበረም፤ የተመረጠው በስተር ማቲስ እጁን ስለተጎዳ በምትኩ የሄደ ነው። ሁለቱ ሰዎች፣ የእኛው አበበና የፊላደልፊያው ፍሬዘር፣ በዚያች ሳምንት በአንድ ከተማ ውስጥ ሕመማቸውን ውጠው ሥራቸውን ሠሩ።

አበበን የምናከብረው ስለ ራሱ ባወራው ነገር አይደለም። ጥቂት ይናገር ነበር፤ የሮጠውን ግን ዓለም አየ። ዝም ያለ ሠራተኛን ማክበር ከማንም በፊት የምናውቀው እኛ ነን ማለት ነው። ታዲያ አበበን በሥራው የመዘነ ሕዝብ ፍሬዘርን በአሊ አፍ ሲመዝነው ምን ይባላል? ነገሩ ከቡጢ ያልፋል። በመሥሪያ ቤት፣ በእድር ስብሰባ፣ በኪነ ጥበቡ መንደር፣ ጮክ ብሎ የተናገረው ሰው እንደ ሠራ ተቆጥሮ፣ የሠራው ሰው ዝም በማለቱ እንዳልሠራ ሲቆጠር ያላየ አንባቢ አለ? ፍርዱን አስቀድሞ የሚያውጀው ሰው ተከራካሪም ዳኛም ሲሆን ያላየስ? ስለ አሊና ስለ ፍሬዘር የምንሰጠው ፍርድ ስለ ራሳችን የምንሰጠው ፍርድ ልምምድ ነው።

የመዘንጋቱን ልክ ለማየት ወደ ፊላደልፊያ መሄድ ይበቃል። በ1976 የወጣውን «ሮኪ» የተባለውን ፊልም የማያውቅ የቪዲዮ ቤት ደንበኛ የለም። በማቀዝቀዣ ውስጥ የተሰቀለ የበሬ ሥጋ እየደበደበ የሚለማመደው ቡጢኛ ልብ ወለድ ነው። በፊላደልፊያ ቄራ ውስጥ የተሰቀለ ሥጋ እየመታ የተለማመደው እውነተኛው ሰው ግን ጆ ፍሬዘር ነው። በዚያች ከተማ በ1980ዎቹ ሐውልት የቆመው ለልብ ወለዱ ነው። እውነተኛው በኖቬምበር 2011 በጉበት ካንሰር ሞተ፤ ሐውልቱ የተመረቀው በ2015፣ ከሞተ ከአራት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በሕይወት የነበረ ሰው ለሌለ ሰው ወረፋ ሲለቅ ኖረ ማለት ነው።

አሊም በጁን 2016 አርፏል። ሁለቱም የሉም፤ የተናገሩትንም የሚናገርላቸው ሌላ ሰው ሆኗል። ስለዚህ ከእንግዲህ ፍርዱ የእኛ ነው። አሊን ከዙፋኑ አውርዱት አላልኩም፤ ቬትናምን እምቢ ማለቱ የሕሊና ድል ነው፤ ያ ድል በሌላ ችሎት ተመዝግቦለታል። የምለው አንድ ነገር ነው፤ የሕሊናውን ድል በቡጢ ነጥብ ላይ አትደምሩለት፤ የምላሱን ድል ደግሞ ከፍሬዘር ነጥብ ላይ አትቀንሱ።

በዚህ የማይስማማ አንባቢ ብዙ እንደሚሆን አውቃለሁ። ከመልሱ በፊት ግን አንድ ነገር እንዲያደርግልኝ እለምነዋለሁ። የ1971ዱን ግጥሚያ ፊልም ፈልጎ ያግኝ። ድምፁን ጨርሶ ይዝጋው፤ ተራኪውን አይስማ፤ የሕዝቡን ጩኸት አይስማ፤ የአሊን ልፍለፋም አይስማ። 15ቱንም ዙር በዝምታ ይመልከት። ወደፊት የሚሄደው ማን ነው? ወደ ኋላ የሚሄደውስ? በመጨረሻው ዙር ወለል ላይ ተዘርሮ የሚታየው ማን ነው? ያየውን ብቻ ይጻፍና ይላክልን፤ እንሟገታለን።